«ስሙን ያስመዘገቡልኝም እነሱ ናቸው»

ጥያቄ፦ የምኖረው ለገጣፎ ነው። በርበሬ፣ ሽሮና ምጥን አዘጋጅቼ ለሱቆች የማከፋፍል የባልትና ነጋዴ ነኝ። ምርቴን በእናቴ ስም በተሰየመ ማሸጊያ ለመሸጥ አስቤ ቦሌ አካባቢ ካለ የብራንዲንግና የዲዛይን ድርጅት ጋር ተስማማሁ። ለሎጎው፣ ለማሸጊያው ዲዛይንና ለፌስቡክ ገጹ 180,000 ብር ተነጋግረን አብዛኛውን ከፍያለሁ፤ ዋጋም ቀንሰውልኛል። ሎጎውን በቴሌግራም በፎቶ ላኩልኝ። ማተሚያ ቤቱ ግን «ይህ አያገለግልም፣ ዋናውን ፋይል አምጪ» አለኝ። ድርጅቱን ስጠይቅ «ዋናው ፋይል የእኛ ንብረት ነው፤ ከፈለግሽ 70,000 ብር ጨምሪ» አሉኝ። የማውቀው ልጅ አስመስሎ ሊሠራልኝ ይችላል። ስሙን በሕግ ያስመዘገቡልኝም እነሱ ናቸው። ከስሼ ፋይሌን ማስመለስ እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ፋይሉ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ግን ከጥያቄዎ በፊት እንደ ዋዛ ጣል ያደረጓት አረፍተ ነገር ናት፤ «ስሙን በሕግ ያስመዘገቡልኝም እነሱ ናቸው» ብለዋል። የፋይሉን ጉዳይ በአጭሩ ልጨርስና ወደ እሷ እመለሳለሁ።

በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ኢኮኖሚያዊ መብት፣ ተዋዋዮቹ ሌላ ስምምነት ከሌላቸው በስተቀር፣ የአዛዡ ነው። ስለዚህ «የእኛ ንብረት ነው» የሚለው መልሳቸው ውሉ ካልደገፈው ብዙ አይራመድም። ሆኖም የሎጎው መብት የእርስዎ መሆኑና ድርጅቱ የሠራበትን ፋይል የማስረከብ ግዴታ ያለበት መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁለተኛውን የሚወስነው የተስማማችሁበት ቃል ነው። ለማሸጊያ የታዘዘ ዲዛይን ማሸጊያ ላይ ሊታተም ካልቻለ ትእዛዙ ተፈጽሟል አይባልም የሚል ጥሩ ክርክር አለዎት፤ ግን ትእዛዙ ምን እንደነበር ማስረዳት ያለብዎት እርስዎ ነዎት።

ውሉ የት አለ? በደብዳቤዎ ውስጥ «ተስማማሁ» እንጂ «ፈረምሁ» የሚል አላየሁም። እንዲህ ያለ ውል በቃልም ይጸናል፤ ፈተናው የሚመጣው ማስረጃ ሲጠየቅ ነው። ያልተፈረመ ከሆነ የቴሌግራም ምልልሱ ውልዎ እሱ ነውና እንደ ዓይንዎ ብሌን ይጠብቁት። በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተላከ በመሆኑ ብቻ ዋጋ አያጣም። ስልክ አይቀይሩ፣ ቻቱን አያጥፉ፣ የድምፅ መልእክቶቹንም ጭምር በሌላ ቦታ ያስቀምጡ።

«አብዛኛውን ከፍያለሁ» ማለትስ ስንት ነው? የቀረው ገንዘብ በስንት ቀን እንዲከፈል ነበር የተነጋገራችሁት? ይህን የምጠይቅዎ ለማሳፈር አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1757 የራሱን ግዴታ ያልፈጸመ ወይም ለመፈጸም ዝግጁ ያልሆነ ሰው ሌላውን «ፈጽም» ብሎ ማስገደድ እንዳይችል ያደርጋል። ቀሪው ክፍያ መከፈል የነበረበት ፋይሉ ከመረከቡ በፊት ከሆነና እርስዎ ካልከፈሉ፣ ክስ ሲያቀርቡ የመጀመሪያው መከላከያቸው ይኸው ነው። በመጀመሪያው ክፍያ ወረቀት ላይ «ቀብድ» የሚል ቃል ካለም ያሳውቁኝ፤ ቀብድና ቅድሚያ ክፍያ በሕግ ፊት አንድ አይደሉም።

«ዋጋም ቀንሰውልኛል» ያሉትን ነገር ደግሞ ልቆጣዎና ልለፈው። ይህች ቃል ወደ ቢሮዬ ስትመጣ ብዙ ጊዜ ትርጉሟ «ያለ ደረሰኝ ከፈልሁ» ነው፤ ገንዘቡም የገባው በድርጅቱ ሒሳብ ሳይሆን በሥራ አስኪያጁ የግል ሒሳብ ነው። እንደዚያ ከሆነ የተዋዋሉት ከድርጅቱ ጋር ነው ወይስ ከሰውየው ጋር? መክሰስ ያለብዎት ማንን ነው? የታክሱ ጣጣም አለ። የባንክ ማስተላለፊያ ወረቀቶቹን በሙሉ ያውጡና የሒሳብ ባለሙያ ያማክሩ። የተገኘው ቅናሽ ከሚያስከትለው ወጪ ሲያንስ ያየሁት ጥቂት ጊዜ አይደለም።

አሁን ወደ ስሙ። «አስመዘገቡልኝ» ሲሉ ወረቀቱን በዓይንዎ አይተውታል? አይተው ከሆነ ያዩት የትኛውን ወረቀት ነው? ነጋዴ ሁሉ «ስሜ ተመዝግቧል» ይላል፤ ሲመረመር ግን ሦስት ልዩ ልዩ ነገሮች ይወጣሉ። አንደኛው የንግድ ምዝገባው ነው፤ ይህ እርስዎ ነጋዴ መሆንዎን የሚናገር ነው። ሁለተኛው የንግድ ስም ነው፤ ድርጅትዎ የሚጠራበት፣ በንግድ ጽሕፈት ቤት በኩል የሚመዘገብ ነው። ሦስተኛው የንግድ ምልክት ነው፤ በርበሬው ላስቲክ ላይ የሚታተመውን ስምና ሥዕል የሚጠብቀው፣ በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን የሚመዘገበው ይህ ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ይዞ ሦስተኛውን የያዘ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። በተለይ እንደ እርስዎ በከተማው ዳር ያሉ ነጋዴዎች «ፈቃዴ የለገጣፎ ነው፣ ስሙን ያስመዘገበው ሰው ያለው ቦሌ ነው፣ ምን ያገናኘናል?» ይሉኛል። የንግድ ምልክት ምዝገባ ክልልና ክፍለ ከተማ አያውቅም፤ በመላ አገሪቱ የሚሠራ ነው።

ከዚህ የከፋው ወጥመድ ግን ሦስተኛው ወረቀት በእርግጥ ኖሮ የሌላ ሰው ስም የሰፈረበት ሲሆን ነው። አንድ ደንበኛዬ ከሰበታ አካባቢ የመጣ ነጋዴ ነበር። የምስክር ወረቀቱን በላስቲክ ሸፍኖ አምጥቶ በኩራት ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። ሁለት ዓመት ሙሉ ፎቶ ኮፒውን በሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቅሎት ኖሯል። ሎጎው መሐል ላይ በቀለም ታትሟል፤ ከአጠገቡ ቁጥሩና ቀኑ አለ። ጣቴን «ባለቤት» ከሚለው መስመር ላይ አድርጌ «ይህ ማን ነው?» አልሁት። አጎንብሶ አነበበና ዝም አለ። ሎጎውን የሠራለት ድርጅት ባለቤት ስም ነበር። በሁለቱ ዓመታት ውስጥ ያንን ወረቀት ያየው ሰው ሁሉ ያየው ሥዕሉን ነው። በመጨረሻ በድርድር የራሱን ምልክት ከሰውየው ገዛው፤ ያወጣው ገንዘብ ለዲዛይኑ ከከፈለው ይበልጥ ነበር።

ይህ ሁልጊዜ በተንኮል የሚሆን አይደለም። ሥራው ሲጀመር የእርስዎ ንግድ ፈቃድ ያልታደሰ ይሆናል፤ እነሱም «ለጊዜው በእኛ ስም እናስገባው፣ በኋላ ይዛወራል» ይላሉ። ወይም እርስዎ ውልና ማስረጃ ሄደው ውክልና ይሰጧቸዋል፤ ምን እንደሚል ግን አያነቡትም። ውክልና መስጠት በራሱ ጥፋት አይደለም። በትክክል ከተሠራበት ወኪሉ ይፈርማል፣ አመልካቹ ግን እርስዎ ይሆናሉ፤ ተወካይም ለወካዩ ፍጹም ታማኝ የመሆን ግዴታ አለበት። ችግሩ «በኋላ ይዛወራል» ሲባል ያ «በኋላ» የሚመጣው ክፍያ ላይ ጠብ ሲነሳ መሆኑ ነው። እናንተ ደግሞ አሁን ጠብ ላይ ናችሁ። ለዚህ ነው 70,000 ብር ጨምሪ የሚለው ድፍረት ከየት እንደመጣ እንድጠረጥር ያደረገኝ፤ ፋይል ብቻ የያዘ ሰው እንዲህ አይዝናናም። ተሳስቼ ሊሆን ይችላል፤ ብሳሳት ደስ ይለኛል።

በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የንግድ ምልክት ባለቤትነት የሚገኘው በምዝገባ ነው። ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ እየታደሰም ይቀጥላል። ማን አሰበው፣ ማን ከፈለበት፣ የማን እናት ስም ነው የሚሉት ጥያቄዎች ምዝገባውን ለመቃወም ሊያገለግሉ ይችላሉ፤ በምስክር ወረቀቱ ላይ ስሙ የሰፈረውን ሰው ግን በራሳቸው አያስነሱትም። በእናትዎ ስም መሰየሙ ልብ የሚነካ መሆኑን አውቃለሁ፤ ይህ ግን ለብቻው አያድንዎትም። ምልክቱ በሌላ ሰው ስም ተመዝግቦ ከሆነ፣ በሕጉ ፊት በገዛ በርበሬዎ ማሸጊያ የሌላውን መብት የነኩት እርስዎ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ።

ሲያጣሩ ምልክቱ የተመዘገበበትን ምድብም ይመልከቱ። ቅመማ ቅመምና ዱቄት በዓለም አቀፉ የዕቃዎች አመዳደብ 30ኛ ምድብ ውስጥ ናቸው። ማስታወቂያና የንግድ ሥራ አገልግሎት ደግሞ 35ኛ ነው። በ35 ብቻ ተመዝግቦ ከሆነ በእርስዎም ስም ቢሆን ለበርበሬው የሚሰጠው ጥበቃ የሳሳ ነው።

ስለዚህ ከፋይሉ በፊት መደረግ ያለበት ይህ ነው። ነገ ዛሬ ሳይሉ ወደ ባለሥልጣኑ ሄደው ወይም ጠበቃ ልከው በዚያ ስምና ሎጎ የቀረበ ማመልከቻ መኖር አለመኖሩን፣ ካለም በማን ስም እንደሆነና የት ደረጃ ላይ እንደደረሰ ያጣሩ። ገና በሂደት ላይ ያለ ማመልከቻን መቃወም ከተመዘገበ በኋላ ከማሰረዝ እጅግ ይቀላል፤ የተቃውሞው ጊዜ ግን ታዝሎ የሚቀመጥ አይደለም። ጨርሶ ካልተመዘገበም ዛሬውኑ በራስዎ ስም ያመልክቱ። መልሱ እስኪታወቅ ድረስ ለማተሚያ ቤቱ ሲሊንደር (የላስቲኩን ማተሚያ ቅርጽ) አያስቀርጹ፣ አዲስ ላስቲክም አያሳትሙ። የሚያውቁት ልጅ ሎጎውን አስመስሎ እንዲሠራም አይፍቀዱ። ውሉ መብቱን ለድርጅቱ የሚተው ሆኖ ከተገኘ ቅጂ መብት መጣስ ይሆንብዎታል፤ ባይሆንም እንኳ በክርክሩ ላይ «ውሉን ያፈረሰችው እሷ ናት» የሚል አፍ ይሰጣቸዋል። በፌስቡክም ስማቸውን አንስተው አይጻፉ። እግረ መንገዴን ልጠይቅዎ፦ የፌስቡክ ገጹ የይለፍ ቃል በማን እጅ ነው? ገጹን የሚያስተዳድረው ዋና አካውንት የእነሱ ሠራተኛ የግል አካውንት ከሆነ ያም ሌላ «በኋላ ይዛወራል» ነው።

ምልክቱ በስማቸው ሆኖ ከተገኘ ቀሪውን ክፍያ በችኮላ አይክፈሉ፣ አልከፍልም ብለውም አይጻፉ። ሁለቱም ይጎዳል። «ቀሪውን ለመክፈል ዝግጁ ነኝ፤ በዚሁ ዕለት ግን የንግድ ምልክቱ ዝውውር ይፈረም፣ የሚታተመው ፋይልና የገጹ ሥልጣን ይሰጠኝ» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በጠበቃ በኩል ይላክላቸው። ሕጉም ቢሆን ውል አልተፈጸመም ብሎ ከመክሰስ በፊት ማስጠንቀቂያ መስጠትን ይጠይቃል። የዝውውሩ ሰነድ በጽሑፍ ሆኖ በባለሥልጣኑ መዝገብ ላይ መስፈር አለበት፤ «አዛውረንልሻል» የሚል የቴሌግራም መልእክት ዝውውር አይደለም። ክስ ላይ ከተደረሰ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚያየው ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ እርስዎ ሸገር ከተማ ነዎት፣ እነሱ አዲስ አበባ፣ የውል ጥያቄና የንግድ ምልክት ጥያቄ ደግሞ ተቀላቅለዋል። በስህተት በር ገብቶ ወራት ማጥፋት ስላለ ይህን ያለ ጠበቃ አይወስኑት።

ይህ መልስ የጻፉልኝን ብቻ መሠረት ያደረገ ነው፤ ሰነዶቹን ሳላይ ከዚህ አልፌ ብናገር አሳስትዎታለሁ። ጠበቃ ዘንድ ሲሄዱ የባንክ ማስተላለፊያዎቹን፣ ያልጠፋውን የቴሌግራም ምልልስ፣ ውልና ማስረጃ የሰጡት ውክልና ካለ ቅጂውን፣ የንግድ ፈቃድዎንና «አስመዝግበናል» ብለው የሰጡዎትን ወረቀት ይያዙ። ወረቀት ካልሰጡዎት ደግሞ ከሁሉ በፊት እሱን ይጠይቋቸው። የሚልኩልዎት ፎቶ ከሆነ ሥዕሉን ተዉትና «ባለቤት» የሚለውን መስመር አስፍተው ያንብቡ።