የአንባቢያን ጥያቄ፦ መንኮራኩሯ ከኋላ የሆነ የወንዝ መርከብ

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ በካናዳ ዩኮን ወንዝ ላይ ትሠራ የነበረችውን «ክሎንዳይክ» የምትባል የእንፋሎት መርከብ ፎቶ አየሁ። መንኮራኩሩ ለምን ከጎን አልሆነም? ከላይ የቆሙት ምሰሶዎችስ ምንድን ናቸው?

መልስ፦ ከጎን ቢሆን መርከቧን ያሰፋታል፤ ወንዙ ደግሞ ጠባብ ነው። ከኋላ ሲሆን ተንሳፋፊ ግንድ እንኳ ቢመጣ ቀድሞ የሚያገኘው የመርከቧን አካል ነው። አንዳንድ የመንኮራኩሩ ጣውላ መሰበሩ አይቀርም፤ አናጢው በመለዋወጫ ይተካዋል።

መሪዎቹ (ውሃ ውስጥ ሆነው የመርከቧን አቅጣጫ የሚቀይሩት ሰሌዳዎች) ከመንኮራኩሩ ፊት ለፊት ተሰልፈዋል። መንኮራኩሩ ወደ ኋላ ሲዞር ውሃውን እነሱ ላይ ይደፋዋል፤ ስለዚህ መርከቧ ቆማም አቅጣጫ መቀየር ትችላለች። መንኮራኩሩን የሚያዞሩት ሁለቱ ሞተሮች በግራና በቀኝ ናቸው፤ ክራንካቸው (የፒስተኑን ግፊት ወደ መዞር የሚለውጠው ክንድ) በ90 ዲግሪ ስለሚለያይ አንዱ ፒስተን ጫፍ ላይ ደርሶ ጉልበት ሲያጣ ሌላው ይገፋል።

ምሰሶዎቹ ጌጥ አይደሉም። አካሏ ረጅም (64 ሜትር ገደማ)፣ ግን ጠፍጣፋ ነው። ቦይለሩ (ውሃ ፈልቶ እንፋሎት የሚሆንበት ጋን) ወደ ፊት፣ ሞተሩና መንኮራኩሩ ወደ ኋላ ስለሚከብዱ ሁለቱ ጫፎች ወደ ታች ይዘቀዝቃሉ፣ ወገቧ ይጎብጣል። በምሰሶዎቹ ላይ አልፈው ከጫፍ እስከ ጫፍ የተወጠሩት የብረት ዘንጎች ጫፎቹን ያንጠለጥሏቸዋል። ዘንጎቹ መወጠሪያ ብሎን አላቸው። ከላሉ ትጎብጣለች፣ ከልክ በላይ ከጠበቁ እንጨቱን ይሰነጥቃሉ፤ ጭነት ሲቀየር መታየት አለባቸው።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ ማገዶው አያልቅባቸውም ነበር?

መልስ፦ ሁሌም ያልቅ ነበር፤ ለዚህ ነው በወንዙ ዳር የእንጨት ክምር ጣቢያዎች የነበሩት። እንጨቱ 1.2 ሜትር ርዝመት እየተቆረጠ ይከመር ነበር፤ አንዱ የመለኪያ ክምር 3.6 ሜትር ኩብ ነው። በወንዙ ዳር ካለችው ከዋይትሆርስ ከተማ ወደ ዳውሰን ከተማ (740 ኪሎ ሜትር ገደማ) ከወንዙ ፍሰት ጋር ሲወርዱ 36 ሰዓት ይበቃ ነበር፤ እንጨት ለመጫን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መቆም ነው። ሽቅብ ግን አራት ወይም አምስት ቀን፣ ስድስት ያህል ጊዜ መቆም። ፋይቭ ፊንገር በሚባለው ፏፏቴ መሰል ጠባብ መተላለፊያ ሞተሩ ብቻውን ስለማይበቃ በብረት ገመድና በመጠቅለያ ራሷን እየጎተተች ትወጣ ነበር።

ከማገዶ ይልቅ የሚያሰጋው ግን የቦይለሩ ውሃ ነው። ከወንዙ የሚቀዳው ደለል ስላለበት ታች ተቀምጦ ብረቱን ከውሃው ይለየዋል፤ ብረቱም ይቃጠላል። ስለዚህ በየጊዜው ከታች በቧንቧ ይለቀቃል። የውሃው ልክ ወርዶ የእሳት ሳጥኑ (ማገዶው የሚነድበት ክፍል) ጣሪያ ከተገለጠ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር አደጋ ነው፤ በጋለው ብረት ላይ ድንገት እንፋሎት ይፈጥራል። መጀመሪያ እሳቱን በአመድ ማፈን ነው።

ጥያቄ (ከጋምቤላ)፦ በባሮ የነበሩት መርከቦችስ ለምን በክረምት ብቻ?

መልስ፦ ምክንያቱ ያው የውሃው ጥልቀት ነው። ምኒልክና እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1902 በተዋዋሉት መሠረት የጋምቤላው የንግድ ጣቢያ ከተከፈተ በኋላ የካርቱም መርከቦች ባሮ ሲሞላ እየመጡ በዋናነት ቡና ይጭኑ ነበር። ዝናቡ አልፎ ውሃው ሲቀንስ በጊዜ ያልወጣ መርከብ አሸዋው ላይ ይቀር ነበር፤ የሚንሳፈፈውም በሚቀጥለው ክረምት ነበር።