መልስ፦ የተቆለፈ ጋርድን ስለ መክፈት

ወንድሜ፣ ከመተማ ወደ ጎንደር ከመጣህ ወዲህ የብራዚል ጁ-ጂትሱ (የመሬት ላይ ትግል) የልምምድ ጓደኛህ በጀርባው ተኝቶ ወገብህን በእግሮቹ ሲቆልፍብህ (የተቆለፈ ጋርድ የሚባለው ይህ ነው) መውጫ እንደምታጣና ትንፋሽ እንደሚያጥርህ ጽፈሃል። ትንፋሹ አያስጨንቅህ፤ ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ያለች ናት፣ ሰውነትህ ይለምደዋል። ዋናው ነገር አቀማመጥህ ነው። ካጎነበስክ አንገትህንም ክንድህንም ሰጠኸው። ጀርባህን አቅና፣ ክርኖችህን ሰብስብ፤ እጅህን ምንጣፉ ላይ ካሳረፍክ በኪሙራ፣ ማለትም ክንድህን ጠምዝዞ ትከሻህን በሚያስጨንቅ ቁልፍ፣ ይይዝሃል።

እኔ ቆሞ መክፈትን አጥብቄ እመክራለሁ። አንዱን እጅጌውን ያዝ፣ በዚያው በኩል ያለውን እግርህን አስቀድመህ ተነሥ፣ ዳሌህን ወደ ፊት ግፋ። ከዚያ በነጻ እጅህ ጉልበቱን ወደ ታች ተጫን፤ የተቆላለፉት ቁርጭምጭሚቶቹ ይላቀቃሉ። ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ላይ ነው! ወዲያውኑ ጉልበትህን በጭኑ ላይ አሻግረህ እለፍ፣ አለዚያ መልሶ ይቆልፍሃል። አንድ እጅህን ብቻ ከእግሩ ሥር አታስገባ፤ አንገትህንና አንድ ክንድህን በእግሮቹ መሀል አጣብቆ የሚያንቅበት የሦስት ማዕዘን ማነቆ የሚመጣው ከዚያ ነው።

በዓለም አቀፉ የብራዚል ጁ-ጂትሱ ፌዴሬሽን ሕግ እግሮቹን አልፈህ ለ3 ሴኮንድ ከተቆጣጠርከው 3 ነጥብ ታገኛለህ። በልምምድም እስከዚያ ድረስ ያዘው።