ልጄ የሚያየው አስፈሪ የጌም ቪዲዮ ኃጢአት ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። የ14 ዓመት ልጄ ማርኪፕላየር የሚባል ሰው አስፈሪ ጌም ሲጫወት የሚያሳይበትን የዩቲዩብ ቻናል ይከታተላል። ማታ ማታ የሰውየው ጩኸት ከክፍሉ ይሰማኛል። አንዲት የማኅበር ጓደኛዬ «ጌሙን የሠሩት ሰይጣን አምላኪዎች ናቸው፤ ቤትሽን ጸበል አስረጪ» አለችኝ። ልጄን ስጠይቀው ይስቃል። «እማዬ፣ ጌም እኮ ነው» ይለኛል። ልከልክለው? ወይስ እኔ ነኝ ያጋነንኩት?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። ቻናሉን ስለማላውቀው ከመመለሴ በፊት ሁለት ማታ ቁጭ ብዬ አየሁ። ገና በመጀመሪያው ቪዲዮ ደንግጬ ሻዬን ጭኔ ላይ ደፋሁት። ባለቤቴ እስካሁን ትስቅብኛለች።

ከጓደኛዎ ነገር ልጀምር። ልጆቹ አብዝተው የሚያወሩለት ጌም ፋይቭ ናይትስ አት ፍሬዲስ ይባላል። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። የሠራው ስኮት ካውተን የሚባል አሜሪካዊ ሲሆን ከዚያ በፊት መንፈሳዊ ይዘት ያላቸው ጌሞች ይሠራ ነበር። አንድ የልጆች ጌም ሠርቶ «ገጸ ባሕርያቱ ማሽን ይመስላሉ፣ ያስፈራሉ» ተብሎ ተተቸ። እሱም ትችቱን ይዞ ሆን ብሎ የሚያስፈራ ሠራ። ይህ ጌሙን ቅዱስ አያደርገውም። ነገር ግን የማናውቀውን ሰው ሰይጣን አምላኪ ነው ማለት በሐሰት መመስከር ነው። ልጅዎ ደግሞ ይህን ታሪክ ከእኛ ቀድሞ ሳይሰማው አይቀርም። አንዴ የማናውቀውን ስናወራ ከያዘን፣ እውነቱን ስንነግረውም አይሰማንም። ጸበሉን ይርጩ፣ መልካም ነው። ለዚህ ብለው ግን አይሁን።

ወደ ፍርሃቱ ልምጣ። የሚያስፈራ ሁሉ ኃጢአት ቢሆን ኖሮ በጭራቅና በጅብ ተረት ያሳደጉን ሁሉ በተጠየቁ ነበር። የካቲት 16 ቀን፣ በኪዳነ ምሕረት፣ የሚነገረውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ ያስታውሱ። 78 ነፍስ የበላ ሰው ታሪክ ነው። እኔ በልጅነቴ የሰማሁት ዕለት እናቴ ጉያ ገብቼ ነው ያደርኩት። ታሪኩ ግን እዚያ ላይ አይቆምም። ያ ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ድሃ ጥርኝ ውኃ ይሰጣል፤ በእርሷም አማላጅነት ይማራል። ፍርሃቱ ልጁን ይዞት የሚሄድበት ቦታ አለው። ስለዚህ ቪዲዮውን ስመዝን «ያስፈራል ወይ?» ብዬ አልጠይቅም። «አስፈርቶ የት ይጥለዋል?» ነው የምለው።

በፍሬዲስ ጌም ተጫዋቹ የሌሊት ዘበኛ ነው። ፒዛ ቤት ውስጥ ያሉ ትልልቅ የማሽን አሻንጉሊቶች በጨለማ ይንቀሳቀሳሉ፤ እሱ በካሜራ ይጠብቃቸዋል። ደም ብዙም አይታይም። ከበስተጀርባው ያለው ታሪክ ግን የተገደሉ ልጆች ነፍስ አሻንጉሊቶቹ ውስጥ ገብታለች ይላል። እዚህ ላይ እምነታችን ሌላ ነው። ነፍስ ከሥጋ ስትለይ ብረት ውስጥ አትገባም፣ በየቤቱም አትዞርም። ሉቃስ 16 ላይ የባለጠጋውንና የአልዓዛርን ታሪክ ያንብቡ፤ ሁለቱም የሚሄዱበት ተለይቶ ታውቋል። ይህን እንደ ቁጣ አያንሱት። እራት ላይ ቀለል አድርገው «ቆይ ግን፣ ሰው ሲሞት ነፍሱ የት የምትሄድ ይመስልሃል?» ይበሉት። እኔ የ14 ዓመት ልጆችን በሰንበት ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ስለ ነፍስ ይህን ያህል የሚያስጠይቃቸው ስብከት እስካሁን አላገኘሁም።

ቻናሉ ግን ፍሬዲስ ብቻ አይደለም። ሰውየው እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የማይጫወተው የለም። ለምሳሌ አውትላስት ለአዋቂ ብቻ የተፈቀደ ጌም ነው፤ የተቆራረጠ ሬሳ የሚታይበት። ያንን ለ14 ዓመት ልጅ አልፈቅድም። ፋዝሞፎቢያ በሚባለው ደግሞ ተጫዋቾቹ በፊደል ሰሌዳ ሙት ያናግራሉ። ማየት ማድረግ አይደለም፣ ይገባኛል። ሆኖም ዘዳግም 18 ሙታን መጠየቅን አጸያፊ ይለዋል። ልጅ ደግሞ ያየውን ነገር ጓደኛ ቤት መሞከር ይወዳል። እዚህ ላይ አልደራደርም።

እውነቱን ልንገርዎት? ከመናፍስቱ ይልቅ የከበደኝ ስድቡ ነው። ሰውየው ተጫዋች ነው፣ ለበጎ አድራጎትም ገንዘብ አሰባስቧል። ሲደነግጥ ግን ከአፉ የሚወጣውን እዚህ አልጽፈውም። «ክፉ ቃል ከአፋችሁ ከቶ አይውጣ» ተብለናል፤ በየቀኑ የምንሰማው ደግሞ ሳናውቀው አፋችን ላይ ይገኛል። ልጅዎ ታናሽ ካለው፣ እሱ አጠገብ ጨርሶ አይከፈት።

ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አይከልክሉት። በስልኩ ተደብቆ ያየዋል፤ ያኔ እርስዎ የሚያውቁት ነገር አይኖርም። መጀመሪያ በማን አካውንት እንደሚገባ ይመልከቱ። በእርስዎ ጂሜይል ከሆነ፣ ዩቲዩብ የሚያየው የ14 ዓመት ልጅ ሳይሆን አዋቂ ሴት ነው፤ ለአዋቂ የተባለውን ሁሉ ይከፍትለታል። ትክክለኛ ዕድሜው ያለበት አካውንት ይክፈቱለት። ቪዲዮውን ሳሎን ይየው፣ ከእራት በኋላ ይዘጋ። አንዱን አብረውት ይዩ፤ ሻይ ግን አይያዙ። መብራት ሳያበራ አልተኛም ካለ፣ ወይም ሌሊት እየቃዠ ከነቃ፣ ያን ጊዜ ለጥቂት ወራት ይቁም። ምክንያቱን እሱ ራሱ እንዲናገረው ያድርጉ።

ከመኝታ በፊት መዝሙር 90ን አብራችሁ አንብቡ። «ከሌሊት ግርማ» አትፈራም የሚለው እዚያ ነው። በእንግሊዝኛው መጽሐፉ ቁጥሩ 91 ነው የሚለው፤ «እማዬ ተሳስተሻል» እንዳይልዎት።