ቴስታውን ላስፋው ወይስ ሞተር ልቀይር?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? ባለ 4ኬ ሞተር ዲኤክስ ኮሮላ አለኝ። ሜዳ ላይ ምንም አይልም። አራት ሰው ጭኜ በዛዊትን ልውጣ ስል ግን ሁለተኛ ማርሽ ላይ ይለምነኛል። አንዱ መካኒክ «ቴስታውን (ከሲሊንደሮቹ በላይ የሚታሰረውን የሞተሩን ክዳን) አውርደን የአየር መግቢያውን እናስፋው» ይላል። ሌላው «5ኬ ሞተር ግጠምበትና ተገላገል» ይላል። ገንዘቤ ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። የቱን ላድርግ? (ከሽምብጥ)

መልስ፦ ደህና ከርመናል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። መጀመሪያ መኪናህን አትውቀስ። ከተማችን ባሕር ዳር ትባል እንጂ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው። እዚህ የአየሩ ግፊት በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ ያገኘውን ነው የሚስበው። 1,290 ሲሲ የተባለው 4ኬህ እኛ ጋ ሲደርስ የ1,050 ሲሲ ያህል ሥራ ቢሠራ ነው። ቤንዚኑን ከአየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተርም ከፍታውን አያውቅም፤ ቤንዚኑን ቆላ ያለ መስሎት ይለቀዋል። ካንዴላህን (እሳት የሚጭረውን) ፈትተህ እየው። ጥቁር ጥላሸት ለብሶ ከሆነ አንዱ ጥፋት እሱ ነው፤ ጂግለሩን (ቤንዚኑን የሚመጥነውን ባለ ቀዳዳ ቁራጭ) በአነስተኛ አስቀይር።

ስለ ማስፋቱ እኔን ጠይቀኝ። ወጣት ሳለሁ የራሴን 4ኬ ቴስታ አውርጄ በእጅ ግራይንደር ሁለት ቀን ሙሉ ፈቀፈቅኩት። መግቢያዎቹ እንደ መስታወት አበሩ። ልጨርስ ስል አንዱ ውስጥ ጥቁር ነጥብ አየሁ። ቆሻሻ መስሎኝ በጨርቅ ጠረግኩት፣ አልጠፋም። ቀጭን ሽቦ ሰደድኩበት። ሽቦው ሰተት ብሎ ገባ። ለካ ብረቱን ፈቅፍቄ ፈቅፍቄ የማቀዝቀዣው ውሃ መሄጃ ጋ ደርሻለሁ! ቴስታው እዚያው ቀረ።

አልተማርኩም። ሌላ ገዝቼ በጥንቃቄ አሰፋሁ። ይኸኛው አልተበሳም፤ መኪናው ግን ከበፊቱ ባሰበት። ሞተሩ በደቂቃ ከ4,000 ዙር በላይ ሲዞር ደስ ይላል። ዳገት የሚወጣው ግን በ2,000 ዙር ነው፣ እዚያ ላይ ሞተ።

ለምን መሰለህ? መግቢያው ሲሰፋ የአየሩ ፍጥነት ይወርዳል። ቤንዚኑን ተሸክሞ የሚገባውና ሲሊንደሩን የሚሞላው ደግሞ ፍጥነቱ ነው። ሌላም አለ። ጣና ምን ቢሰፋ ከሐይቁ ወደ አባይ የሚወርደውን ውሃ የሚመጥነው መውጫው ላይ ያለው የጨረጨራ ግድብ ነው። የቴስታህ በር ደግሞ አየሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ቫልቭና የሚያርፍበት መቀመጫ ናቸው። ቫልቩ የዲያሜትሩን ሩብ ያህል እስኪነሳ ድረስ ጠባቡ ቦታ በከንፈሩ ዙሪያ ያለችው ቀለበት ናት። እኔ ሁለት ቀን የፈቀፈቅኩት በሩን ሳይሆን ሐይቁን ነበር።

ቶዮታ ራሱ ይህን ያውቃል። በ1983 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ባለ 16 ቫልቭ 4ኤ-ጂኢ ሞተር ላይ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት መግቢያ ሠራና፣ ዙሩ ዝቅ ሲል አንዱን የሚዘጋ ክዳን ገጠመለት። ሰፊውን ሠርቶ መልሶ ያጠበበው ፍጥነት ፈልጎ ነው።

ስለዚህ ብር ከማውጣትህ በፊት ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ አየሩን ምን ያህል እንደሚያምቀው) አስለካ። አራቱም ሲሊንደር ተቀራራቢ ካልሆነ ቴስታው ይውረድና ይገልበጥ። ካንዴላዎቹ እንደታሰሩ፣ ቫልቮቹ እንደተዘጉ፣ ቫልቮቹ ባሉበት በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ ትንሽ ቤንዚን ጠብ አድርግበት። ጠብቅ። በመግቢያው ወይም በመውጫው በኩል ረጠበ? ቫልቩ አልገጠመም ማለት ነው። ቶርኖ ቤት መቀመጫውን ያስተካክሉልሃል፣ ከዚያ በመሞረጃ ቅባት እያሹ ያስማሙታል። ጥሩ ሠራተኛ የ45 ዲግሪውን መቀመጫ ከላይና ከታች በሌላ ማዕዘን ይቆርጥልሃል፤ አየሩ ጥርስ ሳያገኘው ይታጠፋል። ቴስታ ላይ ገንዘብ የሚገባው እዚህ ነው። ሲገጠም የቫልቭ ክፍተቱን አትርሳ፦ ሞተሩ ሞቆ መግቢያ 0.20፣ መውጫ 0.30 ሚሊሜትር።

ይህ ሁሉ ተደርጎም አሁንም ከለመነህ፣ ወይም ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ካለቀ፣ 5ኬው ትክክል ነው። ያው ቤተሰብ ነው። ፒስተኑ ከ75 ወደ 80.5 ሚሊሜትር ወፈረ እንጂ ምቱ (ወጥቶ የሚወርድበት ርዝመት) ያው 73 ነው፤ 1,486 ሲሲ ይሆናል። ከፍታው የወሰደብህን አብዛኛውን ይመልስልሃል። ከነባሩ ካምቢዮህ (የማርሽ ሳጥንህ) ጋር ይገጥማል። ላይትኤስ ከሚባለው የቶዮታ ሚኒባስ የወጣ ከሆነ የዘይት ኮፓውን (ከሥር ያለውን የዘይት ማጠራቀሚያ)ና የዘይት መሳቢያውን ከራስህ ሞተር ወስደህ ቀይር፤ እዚያ ሞተሩ ወንበር ሥር ጋደም ብሎ ስለሚቀመጥ ቅርጹ ይለያል። 7ኬ አምጣ የሚልህ ካለ እሺ አትበለው፤ ቁመቱ ይረዝማል፣ ከኮፈን ጋር ያጣላሃል።

አንድ ነገር ደግሞ። ሊብሬህ ላይ የሞተር ቁጥር አለ። ሻጩ ወረቀት ከሌለው አትግዛ። ትራንስፖርት ቢሮ ሄደህ ምን እንደሚፈልጉ ጠይቅ፣ ከዚያ ክፈል። ቦሎ ላይ ስትደርስ የምትነጫነጨው አንተ ነህ።

ጥያቄ፦ ቪትዝ አለኝ። ወንድሜ የአየር ማጣሪያውን ሳጥን አውጥቶ ክፍት የሆነውን ሾጣጣ ፊልትሮ ገጠመልኝ። ድምፁ አምሯል፣ ጉልበቱ ግን የቀነሰ መሰለኝ። ወደ ጢስ አባይ እመላለሳለሁ። (ከአባይ ማዶ)

መልስ፦ እህቴ፣ አልተሳሳትሽም። ሳጥኑ ከውጭ ቀዝቃዛ አየር ያመጣ ነበር። ይኸኛው የሚስበው ሞተሩ ሥር የጋለውን ነው። አየር ከ25 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ አንድ አስረኛ ያህል ይሳሳል፤ ከፍታው በቀነሰብሽ ላይ ሌላ ቅናሽ ማለት ነው። የጢስ አባይን መንገድ አቧራ ደግሞ ካንቺ በላይ አላውቀውም። ፊልትሮው ካሳለፈው ሲሊንደሩን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሞርደዋል። ሳጥኑን ወንድምሽ ካልሸጠው ነገውኑ ያስመልስልሽ። ከተሸጠም ያገለገለ ፈልጊ፣ የማጣሪያውን ወረቀት ግን አዲስ ግዢ።