ሂቢስከሴን ማን ጎዳው?

ጥያቄ፦ በማሰሮ የተከልኩት ሂቢስከስ ስድስት ዓመት ከመስኮት ዳር አብሮኝ ኖሯል። ባለፈው ወር አየር ያግኝ ብዬ ደጅ አወጣሁት። ሳምንት ሳይሞላው ከላይ ያሉት ቅጠሎች እንደ ወረቀት ነጡ፤ አንደኛው እኩሌታው ነጭ፣ እኩሌታው አረንጓዴ ነው። የታችኞቹ ደግሞ ተበሳስተዋል። አበባው ጠዋት ፈክቶ በማግስቱ ይረግፋል። ተባይ ነው ብዬ ሦስት ቀን በተከታታይ እኩለ ቀን ላይ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በውሃ በጥብጬ ረጨሁበት፤ ጭራሽ ባሰበት። ባለቤቴ «በሽታ ነው፤ ወደ ሌሎቹ ሳይጋባ ይጣል» ይላል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ በመጀመሪያ ማሰሮውን ከባለቤትዎ ያርቁልኝ።

ከደብዳቤዎ ውስጥ ዓይኔን የያዘው ያ እኩሌታው አረንጓዴ የሆነው ቅጠል ነው። እስቲ ሄደው ነጩና አረንጓዴው የሚለያዩበትን መስመር ልብ ብለው ይዩት። ከበላዩ ያለው ቅጠል ጥላ የጣለበት ቦታ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ቀርቶ ከሆነ፣ የጥላው ቅርጽ እንደ ማኅተም ታትሞ ያገኙታል። በሽታ ጥላ አይቶ አያልፍም። ይህ የፀሐይ ቃጠሎ ነው። ሂቢስከስ ፀሐይ ይወዳል፤ ነገር ግን ቤት ውስጥ ያደገ ቅጠል ስስ ስለሆነ የቀትሩን ፀሐይ በአንድ ጊዜ አይችለውም። መጀመሪያ ጥላ ሥር፣ ከዚያ ለአንድ ሁለት ሰዓት የማለዳ ፀሐይ፣ እንዲህ እያሉ ከ7 እስከ 10 ቀን ማለማመድ ነበረብዎት። የነጣው ቅጠል ተመልሶ አይለመልምም። ከእንግዲህ የሚያቆጠቁጠው ግን ደጅ የተወለደ ነውና ፀሐዩን ይለምደዋል። ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሚወርድ ከሆነ ወደ ውስጥ ያስገቡት።

ሁለተኛው ጥፋተኛ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ነዎት። ደብዳቤዎን ደግሜ አነበብኩት፤ ተባይ አየሁ የሚል አንድም ቃል የለበትም። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቅጠሉን የሚጠብቀውን ሰም ያጥባል፤ በቀትር ሲረጭ ደግሞ በተቃጠለ ላይ ሌላ ቃጠሎ ነው። ዛሬውኑ ያቁሙት፤ ማታ ቅጠሎቹን በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁ። እግረ መንገድዎን የቅጠሎቹን ጀርባ ገልበጥ አድርገው ይመልከቱ። ሂቢስከስ ከጥጥ ጋር የአንድ ቤተሰብ ስለሆነ የጥጥ ክሽክሽ የሚባለው፣ የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ፣ እሱንም አይምረውም። ቅጠሉ ቢያጣብቅ፣ ጉንዳን ግንዱን ቢመላለስበት፣ ያን ጊዜ ስለ ክሽክሽ እንነጋገራለን።

ቀዳዳዎቹ ሌላ ጉዳይ ናቸው፤ ፀሐይ ቅጠል አይበሳም። እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገርዎ። አንድ ጊዜ የእኔም ሂቢስከስ ተበሳስቶ፣ አባጨጓሬ ነው ብዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቅጠል በቅጠል ፈለግኩ። አባጨጓሬ ቢሆን ኖሮ ከሥር ባለው ቅጠል ላይ እንደ ጥቁር አዝሙድ ያለ ኩስ ማየት ነበረብኝ፤ አላየሁም፤ ግን ፍለጋዬን አልተውኩም። በመጨረሻ ወለሉን ልጠርግ ማሰሮውን ባነሳው፣ ከታች 11 ቀንድ አውጣዎች ተለጥፈው ተኝተዋል። ቀን ቀን እኔ ከላይ ስፈልግ እነሱ ከታች ያንቀላፋሉ። ስለዚህ ከመሸ ከሁለት ሰዓት በኋላ ባትሪ ይዘው ይውጡ፤ የደረቀ ምራቅ የመሰለ የሚያብረቀርቅ መስመር ካዩ ማሰሮውን ያንሱት። በእጅ መልቀም ይበቃል።

ስለ አበባው አይጨነቁ። የአብዛኛው ሂቢስከስ አበባ ዕድሜው አንድ ቀን ነው። ሳይፈካ የሚረግፍ እምቡጥ ካለ ግን አንዱን ሰንጥቀው ውስጡን ይዩ፤ በጣም ቀጫጭን ነፍሳት ከተርመሰመሱ ትሪፕስ ነው። ምንም ከሌለ አፈሩን ይንኩት፤ ማሰሮ ደጅ ሲወጣ ከቤት ውስጡ ይልቅ ፈጥኖ ይደርቃል፣ እምቡጡንም ያረግፋል።

አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ ማዳበሪያ አይስጡት። ባለቤትዎ አሁንም ይጣል ካሉ፣ ቅርንጫፉን በጥፍርዎ ጫር አድርገው ከልጡ ሥር ያለውን አረንጓዴ ያሳዩአቸው።