«አንቺ ነሽ የነዳሽው ብለሽ ፈርሚልኝ» ለተባለችው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ባለቤትሽ ሲፈጥን ካሜራ ያዘው። ቀድሞ 9 ፖይንት (የትራፊክ ቅጣት ነጥብ) ነበረበት፤ አሁን 3 ሲጨመር 12 ይሞላና መንጃ ፈቃዱን ሊያጣ ነው። እና «አንቺ ነሽ የነዳሽው ብለሽ ፈርሚልኝ» አለሽ። አንቺም «ቢታወቅብን፣ ባሌ አስገድዶኝ ነው ብል እድናለሁ ወይ?» ብለሻል።

አትድኚም። ጠበቃ አይደለሁም። ግን እዚህ እንግሊዝ አገር ብዙ ዓመት አስተርጓሚ ሆኜ ከተከሳሾች ጎን ተቀምጫለሁ።

ድሮ እዚህ ለሚስቶች ብቻ የሚሠራ መከላከያ ነበር። ባሏ አጠገቧ ሆኖ አስገድዷት የፈጸመችው ከሆነ፣ ግድያና አገር መክዳት ካልሆነ በቀር፣ ነጻ ልትወጣ ትችል ነበር። (ባል ሚስቴ አስገደደችኝ ቢል ግን ሰሚ አልነበረውም!) ይህ እ.ኤ.አ. በ2014 ተሻረ።

ከመሻሩ አንድ ዓመት በፊት ቪኪ ፕራይስ ሞክራው ነበር። የታወቀች የኢኮኖሚ ባለሙያ ናት። ባሏ ክሪስ ሂዩን በ2003 ሲፈጥን ተይዞ ፖይንቱን እሷ ወሰደችለት። ልክ እንዳንቺ ጉዳይ። እሱ በኋላ ሚኒስትር ሆነ። በ2010 ለሌላ ሴት ብሎ ትቷት ሄደ፤ እሷም ነገሩን ለጋዜጠኞች አወጣችው። የመጀመሪያዎቹ ጁሪዎች (ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች) ለዳኛው አስር ጥያቄ ጽፈው፣ መስማማት አቅቷቸው ተበተኑ። ሁለተኛዎቹ «አስገድዶኝ ነው» ማለቷን አልተቀበሏትም። እሱም ጥፋቱን አምኖ ስለነበር መጋቢት 2013 ላይ እያንዳንዳቸው 8 ወር ተፈረደባቸው። ለዓመታት የተደበቀውን ያወጣው ፖሊስ አይደለም፤ ፍቺ ነው።

አንድ የማልረሳው ነገር አለ። ከባሏ ጋር በማጭበርበር ለተጠረጠረች ሴት ሳስተረጉም፣ ሁሉን ነገር በ«እኛ» ነበር የምትናገረው። ሞላን፣ ፈረምን፣ ላክን። መርማሪው «ማን ፈረመ?» ይላል። «ፈረምን» ትላለች። እኔ ደግሞ የሰማሁትን እንጂ «እሷ ፈረመች» ብዬ መለወጥ አልችልም። አራተኛው ጊዜ ላይ ዝም አለች። ለካ የራሷን እጅ ከሱ እጅ ለይታ አይታው አታውቅም። ባሏ በሌላ ክፍል፣ በሌላ ጠበቃ፣ «እሷ ናት» እያለ ነበር።

ማንም ባልና ሚስት «ወንጀል እንሥራ» ብሎ አይነሳም። ያየኋቸው አብዛኞቹ የጀመሩት «ይሄን ፈርሚልኝ»፣ «ይሄን አስቀምጥልኝ» በሚል ነው። አንዴ እሺ ካልሽ ሁለተኛውን እምቢ ማለት ይከብዳል፤ አሁን ምስጢሩ የሁለታችሁ ሆኗላ። ሕጉ ግን የሚጠይቀው አንቺ ምን እንዳደረግሽ ነው።

ባልሽ እገድልሻለሁ ወይም ክፉኛ እጎዳሻለሁ ብሎ ካስፈራራሽ ነገሩ ሌላ ነው፤ ለዚያ የሚሆን ሕግ አሁንም አለ። «ይቆጣል»፣ «ያኮርፋል» ግን እዚያ ውስጥ አይገባም።

«ማን ነበር የነዳው?» የሚለው የፖሊስ ደብዳቤ በ28 ቀን ውስጥ ነው መልስ የሚሰጠው። እሱ ያንቺን ስም ከሞላ ቀጣዩ ላንቺ ይመጣል፤ የምትፈርሚውም አንቺ ትሆኛለሽ። ከዚያ በፊት ጠበቃ ጋ ደውይ። ያንቺ ጠበቃ ጋ፣ የሱ አይደለም።