ካርታው ከመሬቱ ሲሸሽ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ አዘጋጆች፣ በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ወረዳ የመሬት አስተዳደር ባለሙያ ነኝ። ከ1:50,000 የወረቀት ካርታ ላይ ከዓመታት በፊት ዲጂታይዝ የተደረገ የቀበሌ ወሰን ኪው ጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ከፍቼ ከሳተላይት ምስል ጋር ሳስተያየው፣ ወሰኑ በሙሉ ወደ ደቡብ ምዕራብ ተንሸራቶ አገኘሁት። ሁለት ቀበሌዎችን በወንዝ የሚለየው መስመር ወንዙን ትቶ ማሳ መሀል ገብቷል። ባልደረባዬ በእጅ ጎትተን ወንዙ ላይ እናሳርፈው ይላል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ አስቀድሞ ወሰኑን በእጅ እንዳይጎትቱት አደራ እላለሁ። አብዛኞቹ የቆዩ የአገራችን ባለ 1:50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው ዳተም፣ ማለትም የቦታ ልኬት በሚነሳበት መሠረት ነው። የዚህ ዳተም መነሻ ነጥብ በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ሲሆን፣ ስሌቱም ክላርክ 1880 የሚባለውን የምድር ቅርጽ ይከተላል። የእጅ ጂፒኤስና የሳተላይት ምስል ግን የሚጠቀሙት ደብልዩጂኤስ 84 የሚባለውን ዳተም ነው። አንድ ድልድይ በሁለቱ ዳተሞች ሲለካ የሚያገኘው የዩቲኤም ቁጥር (በሜትር የሚጻፈው የቦታ መጋጠሚያ) የተለያየ ነው። በእርስዎ አካባቢ የአዲንዳኑን ቁጥር የደብልዩጂኤስ ነው ብሎ የሚያነብ ሶፍትዌር ድልድዩን ወደ ደቡብ 200 ሜትር ያህል፣ ወደ ምዕራብ ደግሞ 90 ሜትር ያህል አርቆ ያስቀምጠዋል። እርስዎ የገለጹት አቅጣጫም ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ በግምት ብቻ አይሂዱ። ከወረቀቱ ካርታ ላይም ከምስሉም ላይ በግልጽ የሚለዩ ሦስት ቦታዎችን፣ ለምሳሌ አንድ ድልድይ፣ አንድ የመንገድ መገንጠያና አንድ የቆየ ቤተ ክርስቲያን ይምረጡ፤ በሶፍትዌሩ መለኪያም የእያንዳንዱን ልዩነት ይለኩ። ልዩነቱ በሦስቱም ላይ በርቀትም በአቅጣጫም ተቀራራቢ ከሆነ ችግሩ የዳተም ነው። አንዱ 80 ሜትር ወደ ምሥራቅ፣ ሌላው 300 ሜትር ወደ ደቡብ የሚል ከሆነ ግን ጥፋቱ ወረቀቱ ስካን ተደርጎ ከመጋጠሚያዎቹ ጋር ሲያያዝ የተፈጠረ ነውና ሥራው ከዚያ እንደገና መጀመር አለበት።

የዳተም ችግር መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ፣ ብዙ ሰው የሚያደናግራቸውን ሁለት ተግባሮች ለይተው ይያዙ። የሌየሩን (የካርታውን ንብርብር) ሲአርኤስ፣ ማለትም የመጋጠሚያ ሥርዓት፣ መሰየም ቁጥሮቹ በየትኛው ሥርዓት እንደተለኩ ለሶፍትዌሩ መንገር ነው፤ አንዲት ቁጥር እንኳ አይለውጥም። ሪፕሮጀክት ማድረግ ግን ቁጥሮቹን አስልቶ በሌላ ሥርዓት የተጻፈ አዲስ ፋይል ያወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ቅጂ ይያዙና ሌየሩን በትክክለኛ ስሙ፣ ማለትም ኢፒኤስጂ በሚባለው የሥርዓቶች መለያ ቁጥር 20137 ብለው ይሰይሙት፤ ይህ የአዲንዳን ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ነው። ከዚያ ወደ ኢፒኤስጂ 32637፣ ማለትም ወደ ደብልዩጂኤስ 84 ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን፣ ሪፕሮጀክት ያድርጉት። አዲንዳን በብዙ የአፍሪካ አገሮች ስለሚሠራበት ሶፍትዌሩ ለሱዳን፣ ለማሊ፣ ለሴኔጋል የወጡ የመለወጫ ቀመሮችን ሊዘረዝር ይችላል፤ እርስዎ ለኢትዮጵያ የወጣውን ይምረጡ። ሦስቱ እሴቶቹ -165፣ -11 እና 206 ሜትር ናቸው።

በእጅ መጎተት የሚያስከትለውን ጉዳት በቅርብ አይቼዋለሁ። የተጎተተው ሌየር ለጊዜው ወንዙ ላይ ያርፋል፤ ነገር ግን ለምንና በምን ያህል እንደተጎተተ የሚናገር ምልክት የለውም። ከሁለት ዓመት በኋላ የሚመጣው ባለሙያ «ይህ ከአሮጌ ካርታ የተወሰደ ነው» ብሎ በትክክለኛው መንገድ ሲለውጠው፣ ወሰኑ ወንዙን ተሻግሮ የጎረቤት ቀበሌን መሬት ይወስዳል። በዚያ መስመር ላይ ደግሞ የሰው ማሳ አለ። ለዚሁም ሲባል አንድ ነገር ልጨምር፦ በ1:50,000 ካርታ ላይ የግማሽ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስመር መሬት ላይ 25 ሜትር ነው። ስለዚህ ለውጡ የቱንም ያህል በትክክል ቢከናወን፣ ይህ ሌየር የቀበሌን ወሰን በጥቅሉ ለማየት እንጂ የሁለት ገበሬዎችን የድንበር ክርክር ለመዳኘት አይበቃም።

የምሥራቅ አንባቢዎቻችንም ዞኑን፣ ማለትም ዩቲኤም ምድርን የሚከፍልበትን ባለ 6 ዲግሪ ቁራጭ፣ ልብ ይበሉ። በዞን 37 እና 38 መካከል ያለው የ42 ዲግሪ መስመር በድሬዳዋና በሐረር መካከል ያልፋል፤ ድሬዳዋ በ37፣ ሐረር በ38 ውስጥ ናቸው። የሐረር መረጃ በስሕተት ዞን 37 ተብሎ ከተሰየመ 6 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ዘሎ በነቀምትና በጊምቢ መካከል ይገኛል።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። በአማርኛ የሞላሁት የቀበሌዎች ሠንጠረዥ ሼፕፋይል በሚባለው የካርታ ፋይል ዓይነት ሳስቀምጠው የአምዶቹ ስም ይቆረጣል፤ «የቀበሌ ስም» ያልኩት «የቀበ» ሆኖ ቀረ። ከኤክሴል ያመጣሁት ሌላ ፋይል ደግሞ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኗል። ፊደላችን በሶፍትዌሩ አይሠራም ማለት ነው?

መልስ፦ ይሠራል። ጥበቱ ያለው በሼፕፋይል ነው። የአምድ ስም የሚፈቀድለት 10 ባይት ብቻ ነው፤ ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የፊደል ኮድ (ኢንኮዲንግ) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ የሚተርፍልዎ ሦስት ፊደል ነው። በአንድ ሕዋስ ውስጥ የሚገባው ጽሑፍም 254 ባይት፣ ማለትም 84 ፊደል ገደማ ነው። ሥራዎን ጂኦፓኬጅ በሚባለው ሌላ የፋይል ዓይነት ያስቀምጡ፤ ይህ ገደብ የለበትም፤ እንደ ሼፕፋይል በብዙ ፋይሎች ሳይከፋፈል ሁሉም በአንድ ፋይል ስለሚቀመጥም በቴሌግራም ሲላክ አንዱ ተልኮ ሌላው አይቀርም።

የተበላሸውን ፋይል በተመለከተ፣ የሚታየው እንግዳ የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ቢሆን ኖሮ ጽሑፉ አለ ማለት ነበር፤ በሌየሩ ንብረቶች ውስጥ ኢንኮዲንጉን ወደ ዩቲኤፍ 8 ሲለውጡ ይመለሳል። ፋይሉ ራሱ ውስጥ የጥያቄ ምልክት ከተጻፈ ግን ፊደሉ በማስቀመጥ ጊዜ ጠፍቷልና ወደ ዋናው የኤክሴል ፋይል ተመልሰው «ሲኤስቪ ዩቲኤፍ 8» በሚለው ምርጫ እንደገና ያስቀምጡት።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የመዘገብኳቸው የውሃ ቦኖዎች የሠንጠረዥ ፋይሉን (ሲኤስቪውን) ስከፍት ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ታዩ።

መልስ፦ ላቲትዩዱና ሎንጊትዩዱ ተለዋውጠዋል። አዲስ አበባ በሰሜን 9፣ በምሥራቅ 38.7 ዲግሪ አካባቢ ናት፤ ሲገለበጥ ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ካለው ባሕር ላይ ይወድቃል። ፋይሉን ሲጭኑ በኤክስ ቦታ ሎንጊትዩድን፣ በዋይ ቦታ ላቲትዩድን ይምረጡ፤ ቦኖዎቹ ወደየሰፈራቸው ይመለሳሉ።